ፈረሴ እየበላ ይከሳል፤ ምን ላድርግለት?

በየሳምንቱ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ከእንጅባራ፣ ሌላው ከቢቸና፣ ሌላው ከፍኖተ ሰላም ይደውላል። ቃሉ ግን አይለወጥም፦ «ፈረሴ እየበላ ይከሳል። ምን መድኃኒት ልግዛለት?»

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ፋንድያውን አይታችሁታል? በቀን ስንት ጀሪካን ይጠጣል? ጥርሱን ያየው ሰው አለ? ኮርቻው ሲወርድ ጀርባውን ዳሳችሁታል? አብዛኛውን ጊዜ የመክሳቱ ምክንያት ከነዚህ በአንዱ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ጥርሱ ለታመመ ፈረስ የትል መድኃኒት ቢሰጠው ብሩ ይወጣል፣ ፈረሱም መክሳቱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ከመድኃኒት በፊት የሚታየውን ሁሉ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ምንም ወጪ የሌለውን አስቀድሜ፣ ብርና ባለሙያ የሚጠይቀውን አስከትያለሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ለሚጋለብም፣ ለሚያርስም፣ ጋሪ ለሚጎትትም ፈረስ ይሠራል። ለበቅሎም እንዲሁ። ፈረሱ መብል ካቆመ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ከተኛበት አልነሳ ካለ ግን ይህን ሁሉ ትታችሁ መጨረሻ ላይ ወዳለው «ሳይውል ሳያድር ሐኪም» ወደሚለው ክፍል እለፉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የልብስ ሰፊ ሜትር። ከሌለ ሲባጎና የግንበኛ ሜትር።
- ደብተርና እስክሪብቶ።
- 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካንና ባልዲ።
- የሚንጠለጠል ሚዛን። ለአንድ ቀን ከጎረቤት መዋስ ይበቃል።
- ዲጂታል የሰው ቴርሞሜትር፣ ጫፉ ላይ ክር የታሰረበት።
- የሰኮና መጥረጊያ፣ ወይም ጫፉ የደነዘዘ አጭር ብረት።
- ብሩሽ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጨው።
- ለኮ፣ እና ፈረሱ የሚያውቀው አንድ ረዳት።

ከመጀመራችሁ በፊት

ለኮውን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ፈረሱ ቢደነግጥ ጣት ይቆርጣል። በቀጥታ ከኋላው አትቁሙ። ወደ ኋላ ስትዞሩ አንድ እጃችሁ ታፋው ላይ ይሁን፤ የት እንዳላችሁ ካወቀ አይደነግጥም። ረዳታችሁ እናንተ ባላችሁበት ጎን ይቁም። ፈረሱ ቢዞርባችሁ ራሱን ወደናንተ ሲስበው ኋላው ከናንተ ይርቃል።

1. ለኩት

«ከስቷል» የሚለውን በዓይን ብቻ አትመኑ። በክረምት የደጋ ፈረስ ጠጉሩ ይረዝማል። ከጮቄና ከባንጃ ደጋ የሚመጣ ፈረስ ከሩቅ ወፍራም ይመስላል፤ እጃችሁን ጎኑ ላይ ስታሳርፉ ግን አጥንት ታገኛላችሁ።

መዳፋችሁን ዘርግታችሁ የጎን አጥንቱን ዳሱ። ደህና ፈረስ አጥንቱ አይታይም፤ ሲነኩት ግን በቀላሉ ይገኛል። ሳትነኩት የሚቆጠር ከሆነ፣ የጀርባው መስመር ሹል ሆኖ ከወጣ፣ የዳሌው አጥንት ከጎላ በእርግጥ ከስቷል።

ቀጥሎ ሜትሩን ያዙ። ከጫንቃው ኋላ አዙራችሁ፣ ከፊት እግሩ ክርን ጀርባ አሳልፋችሁ የደረቱን ዙሪያ ለኩ። ከዚያ ከፊት ትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ለኩ። ሁለቱም በሴንቲ ሜትር ይሁን። ስሌቱ ይህ ነው፦

ዙሪያ × ዙሪያ × ርዝመት ÷ 11,900 = ክብደት በኪሎ

ለምሳሌ ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ፦ 145 × 145 × 130 ÷ 11,900፣ ወደ 230 ኪሎ ይሆናል። ግምት ነው፤ ግን ለመኖ መጠንም ለመድኃኒት መጠንም ይበቃል።

ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉት። በየ15 ቀኑ፣ ጠዋት ሳይበላ፣ ያው ሰው ይለካው። የሚለካው ሰው ሲለዋወጥ ሜትሩን የሚያጠብቅበት ኃይልም ይለዋወጣል፤ ቁጥሩ ያታልላችኋል።

2. ውሃውን ቁጠሩ

ሥራ የሌለው 230 ኪሎ የሚሆን ፈረስ በቀን ከ12 ሊትር ያላነሰ ውሃ ይፈልጋል። ደረቅ ጭድ የሚበላና በፀሐይ የሚሠራ ከሆነ እስከ ሁለት ጀሪካን ሊደርስ ይችላል። በበጋ ወንዝ ድረስ አንድ ጊዜ ወስዶ መመለስ ብዙ ጊዜ አይበቃውም።

ለምን ውሃን አስቀደምኩ? ውሃ ያላገኘ ፈረስ ጭድ መብላት ይቀንሳል። በግድ ከበላ ደግሞ ጭዱ አንጀቱ ውስጥ ደርቆ ይቆማል። የሆድ ቁርጠት አንዱ መነሻ ይህ ነው። ስለዚህ ለሦስት ቀን በባልዲ እየለካችሁ ስጡና ጻፉ። ልጓሙን ከአፉ አውጡ፤ ልጓም እንደጎረሰ የሚጠጣ ፈረስ ሳይረካ ይተወዋል።

በበጋ ከኩሬና ቀስ ብሎ ከሚፈስ ወንዝ ለምታጠጡ አንድ ነገር ልጨምር። አፉ ላይ ደም የቀላቀለ ምራቅ ካያችሁ አልቅት ይዞት ሊሆን ይችላል። ከምላሱ ሥር ወይም ከጉንጩ ውስጥ ተጣብቆ ደሙን ይመጥጣል። ረዳት ፈረሱን ይያዝ፣ እናንተ አልቅቱን በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁት። ጨው የበዛበት ውሃ ብታስነኩት ቶሎ ይለቃል። ወደ ጉሮሮው ወይም ወደ አፍንጫው ከገባ ግን የሐኪም ሥራ ነው።

3. መኖውን መዝኑ

ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ለ230 ኪሎ ፈረስ ወደ 4.6 ኪሎ ድርቆሽ ወይም ጭድ ማለት ነው። የከሳ ከሆነ እስከ 5.7 ኪሎ ድረስ ጨምሩለት። አንድ ቀን በሚዛን መዝኑት። ጭድ ሲከመር ብዙ ይመስላል፤ ሲመዘን ግን ግርግም ሙሉ ያላችሁት 2 ኪሎ ላይሞላ ይችላል።

የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው። አሲዱም ፈረሱ በላም አልበላም ያለማቋረጥ ይመነጫል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ብቻ ከማብላት ትንሽ ትንሽ እየደጋገሙ መስጠት ይሻላል። ቀን ጋሪ ላይ ወይም እርሻ ላይ ከዋለ ማታ ግርግሙ ባዶ እንዳያድር። በእግሩ የሚያቆመው ሌሊት የሚበላው ነው።

በጎጃም የሚገኘውን መኖ እንዲህ ተመልከቱት፦

ድርቆሽ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሣሩ ሲያብብ የታጨደ ከሆነ። አበባውን ጨርሶ ከደረቀ በኋላ የታጨደ ሰንበሌጥ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። ከጭድ የጤፍ ጭድ ከስንዴና ከገብስ ጭድ ይሻላል፤ ለስላሳ ነው፣ ይፈጫል።

ገብስና አጃ ለከሳ ፈረስ ጥሩ ናቸው። ገብሱን ሸርክታችሁ ስጡት። ዱቄት ግን አታድርጉት፤ ዱቄት ሆዱ ውስጥ እንደ ሊጥ ይጋገራል። በቀን በግማሽ ኪሎ ጀምሩ። በየ4 ቀኑ ሩብ ኪሎ ጨምሩ። በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለሁለት ከፍላችሁ ስጡ። ትርፉ እህል ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ይፈላል፤ ቁርጠትና የሰኮና ሕመም ያመጣል። የምትሰፍሩበትን ጣሳ አንዴ መዝናችሁ ስንት እንደሚይዝ እወቁ።

የኑግ ፋጉሎ ሥጋ ይመልሳል። በቀን ከሩብ እስከ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ሻጋታ የሸተተውን አትግዙ። ፉርሽካ ብቻውን ምግብ አይደለም። ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ለወራት በብዛት የበላ ፈረስ አጥንቱ ይሳሳል። በቀን ከ1 ኪሎ አታሳልፉ፣ ድርቆሽም አይለየው።

ጨው በየቀኑ ይፈልጋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ላብ ያላበው ቀን ሁለት። አሞሌ ካገኛችሁ ጋጣው ውስጥ አንጠልጥሉለት፤ እንደፈለገ ይልሳል።

አሁን ደግሞ የማይሰጠው። ጓያ ለፈረስ በፍጹም አይሰጥም። ሰውን የሚያሽመደምደው ነገር ፈረስንም ያሽመደምዳል። የኋላ እግሩ ይዝላል፣ የጉሮሮው ነርቭ ተጎድቶ ሲሮጥ ትንፋሹ ያጓራል። የጓያው ገለባም ቢሆን ፍሬ ስለማይጠፋው ተዉት። የሻገተ በቆሎም አይሰጥም። ቡሬና ጃቢ ጠህናን በቆሎ የሚበዛባችሁ፣ ይህ እናንተን ይመለከታል። ዝናብ የነካውን የበቆሎ ራስ «ሰው አይበላውም፣ ለፈረስ ይሁን» ማለት የተለመደ ነው። በቆሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ መርዝ የፈረስን አንጎል ያበሰብሳል። ፈረሱ ይዞረዋል፣ ግድግዳ ይገፋል፣ በቀናት ውስጥ ይሞታል። መድኃኒት የለውም። አተላም የዘወትር መኖ አይሁን፤ ገና እየፈላ ያለውን የጠጣ ፈረስ ሆዱ ይነፋል።

ከዚህ ሌላ አንድ ማታ ቁጭ ብላችሁ ማን እንደሚበላ ተመልከቱ። ከበሬ ጋር በአንድ ግርግም የሚበላ ፈረስ ቀንድ ፈርቶ ዳር ይቆማል። መኖው ያልቃል፤ የበላው ግን በሬው ነው። መፍትሔው ለየብቻ ማሰር ነው።

4. አፉን እዩ

የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ እየወጣ፣ በማኘክ እየተሳለ ይኖራል። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ይሰፋል። ስለዚህ የላይኛው ጥርስ በውጭ በኩል፣ የታችኛው በውስጥ በኩል ሹል ያወጣል። ሹሉ ጉንጭና ምላስ ይቆርጣል። ፈረሱ ይርበዋል፣ መብላትም ይፈልጋል፣ ግን ማኘክ ያመዋል።

ዳንግላ አንድ ሽማግሌ ዳማ ፈረሳቸውን አሳይተውኝ ነበር። ግርግሙ ሥር የጣት ያህል የረዘሙ፣ እርጥብ፣ የተጠቀለሉ የሣር ጉርሻዎች ወድቀዋል። «አያ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኳቸው። «ሣሩ ጠንክሮበት ይተፋዋል ልጄ» አሉኝ። አንዱን አንስቼ ስፈታው ሣሩ ገና ሙሉ ነው፤ ግማሽ ታኝኮ ተተፍቷል። ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ግርግም ላይ ነው፤ ሆዱ የሚገባው ግን ትንሽ ነው። «እየበላ ይከሳል» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ይህን አድርጉ፦

ሀ. ግርግሙ ሥር የተተፋ ጉርሻ ፈልጉ።
ለ. ፋንድያውን በእንጨት በትኑ። ሳይፈጭ የወጣ ሙሉ እህል ወይም ከአንድ አውራ ጣት የሚረዝም ጭድ ካለ በደንብ እያኘከ አይደለም።
ሐ. ከውጭ በኩል ጉንጩን በጥርሱ መስመር ላይ በቀስታ ጫን ጫን አድርጉ። ራሱን ከነጠቀ ውስጡ ቆስሏል።
መ. ሲበላ ራሱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል? አፉ ይሸታል? በአንድ አፍንጫው ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣል? የበሰበሰ ጥርስ ሊሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ እጃችሁን አፉ ውስጥ ወደ መንጋጋው አታስገቡ። የፈረስ መንጋጋ ጣት ያስቀራል። ጥርሱን በፒንሳ መስበርም፣ በብረት ሞረድ በዘፈቀደ መሞረድም ክልክል ነው። የጥርስ ሞረድና የአፍ መክፈቻ ያለው የእንስሳት ሐኪም ይሥራው። ጎልማሳ ፈረስ በዓመት አንድ ጊዜ ቢታይ ጥሩ ነው።

ፈረሱ አርጅቶ ጥርሱ ካለቀ ሞረድ አይመልሰውም። ጭዱን አድቅቃችሁ፣ ከፉርሽካና ከሸረከታችሁት ገብስ ጋር በውሃ አርሳችሁ፣ በቀን አራት ጊዜ ስጡት።

5. ፋንድያና ትል

ወደ ትል መድኃኒት የምንደርሰው አሁን ነው። አንድ እፍኝ ያህል ትኩስ ፋንድያ በንጹሕ ፌስታል ቋጥራችሁ በዚያው ጠዋት ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ውሰዱ። በማይክሮስኮፕ የትል እንቁላል ይታያል። መድኃኒቱ አስፈላጊ መሆኑን የምታውቁት እንዲህ ነው።

ምርመራ በማይገኝበት ቦታ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ግንቦት ላይና ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ይሰጣል። ትሉ በእርጥብ ሣር ላይ ስለሚበዛ ነው። መጠኑ በክብደት ነው። አሁን ደረጃ 1 ላይ የለካችሁት ቁጥር ይጠቅማችኋል፤ ለሐኪሙ ንገሩት። ግማሽ መጠን መስጠት ብር መቆጠብ አይደለም። ደካማው ትል ይሞትና ጠንካራው ይቀራል፤ በሚቀጥለው ጊዜ መድኃኒቱ አይሠራም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ፤ ሁለቱም በየጊዜው የሚታዩ ስህተቶች ናቸው።

በአፍንጫ አትጋቱት። ቅጠል ተጨምቆም ሆነ የፋርማሲ መድኃኒት ተበጥብጦ በጠርሙስ በአፍንጫው የሚጋት ፈረስ ብዙ ነው። ያ ፈሳሽ ሳንባው ይገባል። በሳምንቱ «ሳል ያዘው» ይባላል፣ ከዚያ ይሞታል። በአፍም ቢሆን ራሱን ወደ ላይ ሰቅሎ በጠርሙስ ማንቆርቆር ያው ነው። የሚዋጠው መድኃኒት ለፈረስ በተዘጋጀ ቅባት ወይም በሲሪንጅ፣ ራሱ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ከከንፈሩ ጥግ ምላሱ ላይ ይደረጋል።

ለከብት የተዘጋጀውን የትል መርፌ ፈረስ አትውጉት። የተወጋበት ቦታ ክፉኛ ሊያብጥና ሊመግል ይችላል።

ክረምቱ ሲወጣ የፊት እግሩ ጠጉር ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ካያችሁ የዝንብ እንቁላል ነው። ፈረሱ ሲልሰው ሆዱ ገብቶ ትል ይሆናል። በደነዘዘ ቢላዋ ፋቁት።

6. ኮርቻና ጀርባ

የገጠበ ፈረስ አይወፍርም። ሕመሙ እረፍት ይነሳዋል፣ የሚበላው ምግብ ቁስል ለመጠገን ያልቃል።

ጋልባችሁ ስትመለሱ ኮርቻውን አውርዱና ላቡን ተመልከቱ። ዙሪያው ርሶ መሐሉ ላይ ደረቅ ጠባሳ የመሰለ ቦታ ካለ ኮርቻው እዚያ ላይ ይጫናል። እስከዛሬ ያልቆሰለው ነገ ይቆስላል። ጫንቃው ላይ ወይም ከጀርባው መስመር ግራና ቀኝ ነጭ ጠጉር ካለ ድሮ ቆስሎ የዳነ ነው፤ ያው ኮርቻ ያው ቦታ ላይ መልሶ ይገጥበዋል። ሁለት ጣታችሁን ከጀርባ አጥንቱ በሁለቱም ጎን እየጫናችሁ ከጫንቃው እስከ ወገቡ ውረዱ። ጀርባውን ካጎነበሰ ወይም ጆሮውን ከጣለ አሞታል።

ጥሩ ኮርቻ ክብደቱን በአጥንቱ ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ያሳርፋል። አጥንቱ ላይ አያርፍም። ሰው ተቀምጦበት እንኳ ጫንቃው ላይ ሁለት ጣት መግባት አለበት። ከሥሩ የሚነጠፈው ጨርቅ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። የደረቀ ላብና አፈር ቆዳውን ይፍቃል። ፈረሱ ሲከሳ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለው ሥጋ ስለሚያልቅ ድሮ የሚስማማው ኮርቻ አይስማማውም። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ቁስል ካለ፦

ሀ. ኮርቻም ጭነትም ያቁም። ሌላ መፍትሔ የለም። ቁስሉ ባለበት ልክ ጨርቁን ቀዶ መጫን ዙሪያውን የበለጠ ያንቀዋል፤ ደም አይደርሰውም።
ለ. 1 ሊትር ውሃ አፍሉ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፣ ለብ ሲል በንጹሕ ጨርቅ እጠቡ። በቀን ሁለት ጊዜ።
ሐ. የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ የጋለ ብረት፣ እበት አይነካው። ሁሉም ደህናውን ሥጋ ይገድላሉ።
መ. ዝንብ እንዳያርፍበት ቀን ጥላ ውስጥ ይዋል።
ሠ. ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ወይም ሚስማር ወግቶት ከሆነ ሐኪም ይየው። ከእንስሳት ሁሉ ፈረስ ለቴታነስ በጣም ቅርብ ነው።

ለጋሪ ፈረስ ጀርባውን ብቻ ሳይሆን ደረቱንና ትከሻውን እዩ። ቀጭን የናይለን ገመድ ሥጋ ይበላል። ሰፊ ቀበቶ አድርጉና ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሉ።

7. ሰኮና

ያነከሰ ፈረስ ሣር ፍለጋ አይራመድም፤ ባለበት ቆሞ ይከሳል። በየቀኑ አራቱንም እግር አንሡና ከተረከዝ ወደ ጣቱ አቅጣጫ ጭቃውን ጥረጉ። ወደ ተረከዙ ብትጎትቱ ብረቱ ለስላሳውን ቦታ ይወጋዋል። ጥቁርና የሚሸት ነገር ካለ ረግረግ ውስጥ ቆሟል ማለት ነው። አጽድታችሁ ደረቅ ቦታ አሳድሩት፤ ጋጣው ውስጥ ጭድ አንጥፉ። በየ6 እስከ 8 ሳምንት የሚያውቅ ሰው ይከርክመው።

8. ትኩሳት፣ ድድና ቆዳ

ቴርሞሜትሩን በቅባት ወይም በሳሙና አለስልሱ። ከጎኑ ቆማችሁ ጭራውን አንሥታችሁ መቀመጫው ውስጥ አስገቡት። ክሩን ያዙ። ደህና ፈረስ በእረፍት ላይ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። በፀሐይ ሠርቶ ሲመለስ አትለኩት፤ ያሳስታችኋል።

የላይኛውን ከንፈር አንሥታችሁ ድዱን እዩ። ሮዝ መሆን አለበት። ከነጣ ደም አንሶታል፦ ትል፣ አልቅት ወይም ገንዲ (በቆላ ዝንብ የሚተላለፍ የደም በሽታ)።

ገንዲን በተለይ እንድታስቡት እፈልጋለሁ። ወደ አባይ ሸለቆ፣ ወደ ጃዊ ወይም ወደ ሌላ ቆላ የወረደ የደጋ ፈረስ ከተመለሰ በኋላ መክሳት ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። መብል አይጠላም። ድዱ ይነጣል፣ ሆዱ ሥርና እግሩ ያብጣል። ደሙ ተመርምሮ ነው የሚታወቀው። ሄዳችሁ ለበሬ የሚገዛውን የገንዲ መድኃኒት ገዝታችሁ አትውጉት፤ ለፈረስ አደገኛ ነው። ለሐኪሙ «ቆላ ወርዶ ነበር» ብላችሁ ከነቀኑ ንገሩት። ይህች አንዲት ቃል ምርመራውን ታቀናዋለች።

እግሩ ወይም አንገቱ ላይ በመስመር ተከታትለው የሚወጡ፣ የሚፈነዱና የሚመግሉ እባጮች ካሉ ከሌሎች ፈረሶች ለዩት። ፈንገስ ነው፤ በቁስልና በዝንብ ይተላለፋል። ኮርቻውን፣ ግላሱን፣ ብሩሹንና የጋሪ ዕቃውን ለሌላ ፈረስ አታውሱ። ቶሎ ከተያዘ ሊታከም ይችላል፤ ከቆየ ግን ያስቸግራል።

9. ክብደቱን መመለስ

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ማወፈሩ ቀላል ነው፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በሁለት ሳምንት የሚወፍር ፈረስ የለም። የደረቱ ዙሪያ ሲጨምር የምታዩት ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሙሉ ለሙሉ የሚመለሰው ደግሞ በወራት ነው።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ በአዊ ፈረሰኞች በዓል ፈረሱን ማውጣት የሚፈልግ ሰው ታኅሣሥ መጨረሻ ይደውልልኛል። ረፍዷል። ጥቅምት ላይ ለኩት፣ ጥርሱን አሳዩ፣ ትሉን አስመርምሩ፣ ኅዳርና ታኅሣሥን አብሉት። ግልቢያውንም በዚያው ልክ ቀስ በቀስ አለማምዱት። በበዓሉ ቀን ሽምጥ ጋልባችሁ ስትወርዱ ወዲያው እህል አትስጡ። ደረቱ እስኪቀዘቅዝ በእግር አንሸራሽሩት፣ ውሃ በየመሐሉ ትንሽ ትንሽ ስጡ፣ መጀመሪያ ድርቆሽ፣ እህሉ ከአንድ ሰዓት በኋላ።

ማስጠንቀቂያ፦ አጥንቱ ብቻ የቀረ ፈረስ ላይ እህል አትጣሉ። ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል እህል በድንገት ሲገባበት ደሙ ውስጥ ያለው ማዕድን ይዛባል፤ ፈረሱ በቀናት ውስጥ ልቡ ሊቆም ይችላል። ሰው «ገና መብላት ሲጀምር ሞተ» ብሎ ያዝናል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ድርቆሽ ብቻ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ያህል ስጡ። እህሉ ከዚያ በኋላ፣ በሩብ ኪሎ ይጀምር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራ የለም።

በብዛት የሚታዩ ሌሎች ስህተቶች

- መኖን በአንድ ቀን መቀየር። ከጭድ ወደ እርጥብ ሣር፣ ከገብስ ወደ በቆሎ ስትቀይሩ ከ7 እስከ 10 ቀን እያቀላቀላችሁ ይሁን። አንጀቱ ውስጥ ያሉት ሣር የሚፈጩ ረቂቅ ሕዋሳት አዲሱን መኖ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋሉ።
- መስከረም ላይ የተራበ ፈረስን ጠዋት በባዶ ሆዱ ለምለም ማሽላ ወይም እርጥብ ጥራጥሬ ማሳ ውስጥ መልቀቅ። ሆዱ ይነፋል። መጀመሪያ ጭድ ይብላ።
- ሦስት ነገር በአንድ ቀን መጀመር፦ መድኃኒት፣ አዲስ መኖ፣ ቫይታሚን መርፌ። ቢሻለውም ቢብሰውም የትኛው እንደሆነ አታውቁም።
- ከጎረቤት ፈረስ የተረፈ አንቲባዮቲክ መውጋት።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ነገ አትበሉ፦

- ትኩሳቱ ከ39 ዲግሪ ካለፈ።
- መሬት ላይ የሚንከባለል፣ ሆዱን የሚረግጥ፣ ጎኑን እየዞረ የሚያይ ከሆነ፣ ወይም ግማሽ ቀን ፋንድያ ካልጣለ። ሐኪም እስኪደርስ መኖ አንሡ፣ በእግር አዝግሙት፣ ምንም ነገር አትጋቱት።
- ከዓይኑ በላይ ያለው ጉድጓድ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከአፍንጫው አረፋ ከወጣ። ይህ በትናንሽ ነካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። የሚበዛው ክረምት ሲወጣ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ከወቅቱ አስቀድማችሁ የወረዳውን እንስሳት ጤና ጠይቁ። የታመመውን ለይታችሁ ማታ ቤት ውስጥ አሳድሩ፤ ዝንቡ የሚነክሰው ከመሸ ነው።
- መንጋጋው ከተቆለፈ፣ እግሩ እንደ ደረቀ ከቆመ፣ በትንሽ ድምፅ ከደነገጠ። ቴታነስ ነው የሚጠረጠረው።
- ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ፣ ከነከሰ፣ መዋጥ ካቃተው። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በባዶ እጅ አፉን አትንኩ፤ የነካችሁ ካለ እጃችሁን በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ክሊኒክ ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የደረቱ ዙሪያ በየ15 ቀኑ፣ የሚጠጣው ውሃ፣ የሚበላው ኪሎ፣ የትል መድኃኒት የወሰደበት ቀን፣ ቆላ የወረደበት ቀን። ትኩስ ፋንድያም በፌስታል ያዙ። ፈረሱ መራመድ የሚችል ከሆነ ጠዋት በቀዝቃዛው ውሰዱት፤ ኮርቻ አይጫንበት።